የሰርግ ፀሐይ

ሰማይ ለመንግሥት መታዘዝ ከጀመረ ወዲህ፣ ሰርግ ባለበት ቀን በወረዳው ጠብ የሚል ዝናብ የለም። የግንቦት መጨረሻ የሳምንቱ ትንበያ ሲነበብ እንዳላማው ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ለጠፈ፤ በቆሎው በዚህ ሳምንት ውሃ ካላገኘ አለቀለት።

«ሰኞ ፀሐይ፣ የእነ ሙላት ሰርግ። ማክሰኞ ፀሐይ፣ የእነ ጓንጉል...» እንዲህ እያለ እሑድ ደረሰ። የእሑዱ ሰርግ የገዛ ልጁ ነው።

ወደ እድሩ ዳኛ ሮጠ። «አያ ደምሌ፣ ሰርጉን ሁሉ በአንድ ቀን ብናደርገውስ?»

«በአንድ ድንኳን? ሰው እንዳይቀያየም ብለን አይደል እንዴ ቀን የተከፋፈልነው!»

«እንግዲያው የእኔ ይቅር።»

«ይቅር ብትል እሑድን የሚሻሙ ስንት ሙሽሮች አሉ መሰለህ!»

እሑድ ጠዋት ሚስቱ ጥሩወርቅ ድንኳኑ ውስጥ የምትጎዘጉዘው ቄጠማ አጣች፤ ወንዙ ዳር ደርቋል። ማጭድ ይዛ ወደ ማሳው ወረደች። እሱም አልከለከላትም።

እንግዶቹ የደረቀውን በቆሎ እየረገጡ ገቡ።

«እንዴት ያለ ቀን ወጣላችሁ!» አሉት፣ እያገላበጡ እየሳሙት።

«ግቡ፣ ግቡ!» አለ እንዳላማው፣ ከእግራቸው ሥር የሚንኮሻኮሸውን ላለመስማት ድምፁን ከፍ አድርጎ።