ሽማግሌ አይቀመጥም

አጎቴ ኮአንግ ወንበሩን በምርኩዙ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ቆሞ ይቀራል። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎችም አይቀመጡም። ካሜራው የሚያሳየው ሆዳቸውን ብቻ ነው።

እንጀራዬ ይኼው ነው፤ የጁባን መሥሪያ ቤት ከማላካልና ከናይሮቢ ጋር በቪዲዮ ማገናኘት። ዛሬ ግን እዚሁ ጁባ፣ ማንጋቴን ሰፈር ያለውን የአጎቴን ሳሎን ደብረ ብርሃን ካለው የአቶ ሥዩም ቤት ጋር አገናኝቼ፣ ልጃቸውን አምለሰትን እያስጠየቅሁ ነው። ከትናንት ጀምሮ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ፣ ሦስት ወንበር ደርድሬ፣ ብርሃኑንም ድምፁንም ሞክሬ ነበር። ጋምቤላ ያደግሁ ሰው፣ ለጋብቻ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ እንዴት ይጠፋኛል? ጠፋኝ።

ጠያቂው ልጅ ደግሞ በዚህ ሰዓት ለአማቱ አይታይም። ስለዚህ ከስክሪኑ ጀርባ ተሸሽጌ ላፕቶፑን በሁለት እጄ እስከ አገጬ ከፍ አደርገዋለሁ። አቶ ሥዩምን አላያቸውም። የማየው የሽማግሌዎቼን ፊት ነው።

እዚህ ከተማ ሥራ ያስገባኝ ጋሽ ማንያህልሻል ንግግሩን ይከፍታል። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ያለውን ሱቁን ዘግቶ የመጣው አብዱራሕማን ይቀጥላል። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፣ የሥጋ ዘመዶቼ አይደሉም፤ "ልጃችን ጋትዴት" ሲሉኝ ግን ድምፃቸው አይሸራረፍም። እግዜር ይስጣቸው። አቶ ሥዩም ተቀመጡ ይላሉ፤ አጎቴ፣ ለጉዳይ ነው የመጣነው፣ እሺ ሳይሉን አንቀመጥም ብሎ ይመልሳል።

አቶ ሥዩም አገሩ ሩቅ መሆኑን፣ ሴት ልጃቸው አንድ ብቻ መሆኗን ያነሳሉ። አምለሰት አባቴ ካልመረቀን አላገባም ብላኛለች።

"እንግዲህ የኔ መልስ..." ሲሉ መስመሩ ይቋረጣል።

እስኪመለስ መጠበቅ ነው። አጎቴ ግንባሩ ላብ አውጥቷል፤ ቀኝ እግሩን ካመመው ቆይቷል። ማንም አያይህም፣ ትንሽ አረፍ በል እለዋለሁ። "ማሌሽ" ይላል፣ ግድ የለም እንደማለት፤ ምርኩዙን ጠበቅ ያደርጋል። ጋሽ ማንያህልሻልም አብዱራሕማንም ከቦታቸው አይነቃነቁም። እኔም ላፕቶፑን አላወርድም። ክንዴ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

ድምፅ ይመጣል። አቶ ሥዩም ናቸው።

"እስካሁን ቆማችኋል?"

"ከደጅዎ ወዴት እንሄዳለን?" ይላል አጎቴ።

የአጎቴ ፊት እንደተቋጠረ ነው፤ ምንም አይነበብበትም።

"በሉ ተቀመጡ" ይላሉ አቶ ሥዩም። "እንዲህ የሚቆምለት ወገን ካለው ሰው ዘንድ ልጄ ባዳ አትሆንም።"

የአጎቴ ፊት ቀስ ብሎ ይፈታል። ሦስቱም ሲቀመጡ ወንበሮቹ ሲጢጥ ይላሉ፤ እኔም ላፕቶፑን አብሬ ዝቅ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አሳርፈዋለሁ። ተመስገን እላለሁ በልቤ። ለአባትየው፣ ለሽማግሌዎቼ፣ ለዚያ ለታመመ እግር፣ ለሁሉም።

አቶ ሥዩም ግን አልጨረሱም።

"ምስሉን ሲያንቀጠቅጥ የቆየውም ልጅ ደክሞታል፤ አስቀምጡት እንጂ።"

አራተኛ ወንበር የለም። አጎቴ ምርኩዙን ወደ ጉልበቱ ሰብስቦ ጠጋ ይላል፤ የወንበሩን ግማሽ ይለቅልኛል።