ሳይገጣጠም የሚቀባ ቤት

የአሻንጉሊት ቤት የሚቀባው ሳይገጣጠም ነው። ግድግዳዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ይቀባሉ፣ ይደርቃሉ፣ ከዚያ በኮላ ይያያዛሉ። ሌላ የሚል ሰው ብሩሽ ይዞ አያውቅም። ለልጄ ልደት እኔና ታናሽ እህቴ አንድ አንድ ቤት ስንሠራ፣ እሷ እልኸኛዋ ሳትቀባ መጀመሪያ ገጣጠመች።

«የላይኛው ክፍል በር የለው፣ መስኮቱ ጥፍር ያህል! ብሩሹን በምን ልታስገቢው ነው፣ በጸሎት?» አልኳት።

«እታለም፣ ነጭ ሆኖ ይቅር። አንቺን ምን አቃጠለሽ?»

በልደቱ ቀን ልጄ የኔን ቤት ዞር ብላ እንኳ ሳታይ የአክስቷን አቀፈች። ቅናቱ አንገበገበኝ።

«የኔስ ምን ጎደለው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ያንቺ ቤት እኮ ሰው የለበትም።»

ያልተቀባውን ክፍል ላሳያት ተንበርክኬ በመስኮቱ አጮለቅሁ። ግማሹ ግድግዳ አረንጓዴ ሆኗል። ቀና ብዬ እህቴን ፈለግኋት፤ ከክፍሉ ማዶ ኬክ እየቆረጠች ትስቃለች። እንደገና ሳይ ነጭ የቀረው አንድ ጥግ ብቻ ነው። ቀለሙ እርጥብ ነው። ዓይኔን ሳልነቅል ያም ጥግ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ እያለ፣ ከኔ እጅ በተሻለ እጅ ተቀባ።