ባለሁለት ወንበሯ

ምናሴ ከአባቱ የወረሳትን ባለሁለት ወንበር የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ሊጠግን ሥሯ በገባ ቁጥር የግቢውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። መፍቻ የምታቀብለው ሚስቱ ናት። «እናቴን ጠይቄ ልምጣ» ስትለው መልሱ ያው ነው፤ «ቆይ ትነሳና በእሷ እወስድሻለሁ።» መኪናዋ ከተጋቡ ጀምሮ ተነስታ አታውቅም።

ዛሬም በክሪክ ከፍ አድርጓት ሊገባ ሲል፣ «ድንጋይ ላስደግፋት?» አለችው።

«ደግሞ ስለ መኪና አንቺ ልታስተምሪኝ?»

ብዙም ሳይቆይ ክሪኩ ተንሸራተተና መኪናዋ ደረቱን ተጫነችው። ሚስቱ ልታነሳት ታገለች፤ ንቅንቅ አልልም አለቻት። ምናሴ እያቃሰተ እንደ ምንም ቁልፉን ከኪሱ አወጣና በመሬት ገፋላት።

«ሩጪ... ሰው ጥሪ!»

እየሮጠች ሄዳ በሩን ከፈተች። ፀሐዩ ፊቷን መታት። ከመንገዱ ማዶ አንድ ታክሲ የእናቷን ሰፈር እየጠራ ቆሟል። ዞር ብላ በሩን ከውጭ ቆለፈችው።

«እትዬ! ዛሬስ ከየት ተገኙ?» አለ ጎረቤት ያለው ባለሱቅ በመስኮቱ ብቅ ብሎ። «ጋሽ ምናሴስ ደህና ናቸው?»

ነጠላዋን አስተካከለች።

«ደህና ነው። እንደ ልማዱ መኪናዋ ሥር ነው።»