በማይታይ ነገር ዙሪያ

«አንቺ ልጅ፣ መሬቱ ይፋጅሻል እንዴ?» አሉ እትዬ ውባንቺ፣ ከጎን ካለው የክር ሱቃቸው አንገታቸውን አስግገው።

ማሂራ በአባቷ የመጋረጃ ሱቅ ደጃፍ ትወጣለች፣ ትገባለች፤ ደግማ ትወጣለች። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አዝላ ከጨረሰች ቆይታለች።

«አባዬ ቀረብኝ! ጁምዓ እንዳለቀ ቀጥ ብዬ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ሙህዲን? ሙህዲን ቀጥ ብሎ የመጣው ከእናቱ ሆድ ብቻ ነው! ከመስጊድ እዚህ ድረስ ያለውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይል መች ይመጣና።»

ማሂራ አልሳቀችም። ስምንት ሰዓት ላይ ከእንጦጦ የኮከብ ተመራማሪ ትምህርት ቤታቸው ይመጣል፤ ከሳይንስ ክበቡ ተመርጣ ፊቱ የምትናገረው እሷ ናት። ካልደረሰች ቦታዋን በሽር ይወስዳል። በሽር! ያ ጨረቃን ከባትሪ የማይለይ!

«ለመሆኑ ምንድነው የምትነግሪው?»

«ስለ ጨለማ ቁስ። ሰማይ ላይ ያለው አብዛኛው ነገር አይታይም እኮ፣ እትዬ። አያበራም፣ ጥላ እንኳ የለውም። ግን ይከብዳል። ከዋክብቱን ሰብስቦ የያዛቸው እሱ ነው።»

«ካልታየ መኖሩን በምን አወቃችሁ?»

«በዙሪያው በሚዞሩት ከዋክብት ነዋ! ደግሞ ቅንጣቶቹ ሲጋጩ ይጠፋፉና ጋማ የሚባል ጨረር ይረጫሉ ተብሎ ይጠረጠራል። ዓይን የማያየው ኃይለኛ ብርሃን ነው። ያንን የሚፈልግ ቴሌስኮፕ ሰማይ ላይ ይዞራል። ከዋክብቱ ከተሰበሰቡበት መሃል ጋማ ሲመጣ፣ ተመራማሪዎቹ ከየት እንደመጣ የሚታወቀውን ሁሉ ቀነሱ፣ ቀነሱ፣ ቀነሱ፤ የተረፈ አለ።»

«እሱ ነዋ ታዲያ!»

«ሊሆን ይችላል። የሞቱ ኮከቦች የሚረጩትም ሊሆን ይችላል። እስካሁን አልተለየም።»

«እና አላውቅም ለማለት ነው እንዲህ የምትቁነጠነጪው?» እትዬ ውባንቺ ተንከተከቱ። «እኔንም ይጥሩኛ! እኔም አላውቅም!»

ነጋዴዎቹ ከመስጊድ እየተመለሱ ነው። በየደጃፋቸው አጋድመው የሄዱትን ዱላ እያነሱ ወደየሱቃቸው ይገባሉ። የዚህ ተራ ደንብ እንዲህ ነው፦ ለሶላት ስትሄድ ሱቅ አትዘጋም። በሩ ላይ ዱላ ታጋድማለህ፤ እሷን የሚሻገር የለም፣ ሌባ እንኳ ያፍራታል። ሶላቱ ሲያልቅ መጥተህ ታነሳታለህ። ሙህዲን ግን ዛሬ ልጁን ሱቁ ውስጥ ትቶ ስለሄደ ዱላውን አላጋደመም።

ማሂራ ዱላዋን ከበሩ ጀርባ አየቻት። አባዬ እንደሆነ አሁን ይደርሳል፤ እስከዚያ ዱላዋ ትጠብቅ። ምን ይመጣል? እትዬ ውባንቺ ወደ ሱቃቸው ዞር ሲሉ አጋደመቻትና እግሬ አውጪኝ አለች።

ከተራው ጫፍ ሳትደርስ ከኋላዋ ጩኸት ሰማች።

«ኧረ የሙህዲን ዱላ! ሶላቱ አልቆ ዱላው አልተነሳም!» ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የሚሸጡት ጋሽ ሙራድ ነበሩ።

ማሂራ ባለችበት ቆመች። በዚህ ተራ ሶላት አልቆ ዱላ ሳይነሳ የቀረው አንዴ ብቻ ነው፤ ባለሱቁ ሐጂ ጃፋር የሞቱ ዕለት።

ተመልሳ ስትሮጥ ሰዉ በሩ ላይ ተከምሯል። ሚዛኑን ጥሎ የመጣ አለ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ የመጣ አለ፣ ኩንታል እንደተሸከመ የቆመ ኩሊ አለ። ሁሉም ያን ባዶ በር ከበውታል። ሁሉም ወደዚያው ያያል፤ የሚታይ ግን ምንም የለም።

‹ዛሬ ትምህርት ቤት የምነግራቸው ይሄን ነው!› አለች በልቧ። ወዲያው በራሷ አፈረች።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያጋደምኳት! ደህና ነን!» ብትል ማን ሰምቷት። አንዱ ወደ መስጊዱ መንገድ ሮጧል፤ አንዷ ሴት ደግሞ ገና ለማን እንደሆነ ሳታውቅ ማልቀስ ጀምራለች።

«አሳልፉኝ! አሳልፉኝ!»

አባቷ ነበር። ቆቡ ወድቋል፤ አንዱ እግሩ ባዶ ነው። ሰዉን እየገፈተረ በሩ ጋ ደረሰና ወደ ውስጥ አየ። «ልጄስ? ልጄን እዚህ ነበር የተውኳት!»

«አባዬ፣ እዚህ ነኝ።»

ዞረ። ጉንጯን ነካት፣ ግንባሯን ነካት፣ ሻሿን ዳበሰ። ዓይኑ እያያት እጁ አላመነም።

«አባዬ፣ ሰዓቱ ሊያልፍብኝ ሲል… ትምህርት ቤት…»

«ሂጂ» አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሂጂ በይ፣ እንዳያልፍብሽ።»

እጁ ግን ክንዷን አልለቀቀም። ማሂራ ቦርሳዋን ከጀርባዋ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠችና፣ ያ እጅ እስኪለቃት ድረስ አጠገቡ ቆመች።