የተመታ ይቀመጣል

ገርጂ ያለው የሌዘር ተኩስ ጨዋታ ቤት ለደንበኛ ከመከፈቱ በፊት፣ ሣባ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አሥር ሰደርያዎች በመጫወቻው ሽጉጥ በየተራ ትመታቸዋለች። የተመታው ሰደርያ ቀይ ያበራል፤ ምቱም ኮምፒውተሩ ላይ ይቆጠራል። በመጨረሻ ወደ ባሏ ወደ ሊባኖስ አንድ ትተኩስ ነበር። እሱም ደረቱን ይዞ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ዘፍ ይላል። የቤቱ ሕግ ነው፤ የተመታ ተቀምጦ ይጠጣል። የሚጠጡት ከአንድ ኮዳ ነበር። መሃሉ የተከፈለ፣ ሁለት ስትሮ ያለው፣ ውስጡን የሚያሳይ ኮዳ ነው፤ በአንዱ በኩል የእሷ ውሃ፣ በሌላው የእሱ ማንጎ ጁስ።

የሊባኖስ አርባ ትናንት ወጣ። ዛሬም ሣባ ሁለቱንም በኩል ሞልታ ኮዳውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ጁሱ ለማን ነው?» አላት የባሏ ታናሽ ወንድም ቂርቆስ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ።

«እንጃ። እጄ ለምዶበት ነው።»

አሥሩንም መታች፤ አሥሩም ቀይ አበሩ። ከዚያ ወደ ባዶው ወንበር ዞረችና ምላጩን ሳበች። ከቀብሩ ወዲህ ምንም ተሰምቷት አያውቅም።

«ሣባ፣ ስንት ሰደርያ ነው ያለን?»

«አሥር።»

«አሥራ አንድ ተመታ ይላል እኮ።»

ሣባ ኮዳው ላይ አፍጥጣለች። የእሷ ውሃ እንደሞላ ነው። የማንጎው ጁስ ግን በስትሮው ወደ ላይ እየተሳበ፣ ቀስ በቀስ ይጎድላል።