ሦስት ጃርትና አንድ አክሊል

ካርዲናሎቹ አዲስ ፓፓ ሊመርጡ በር ከተዘጋባቸው ወዲህ ወይዘሮ ላቪኒያ ስፒናልታ እንቅልፍ አጥተዋል። በቤታቸው የሚያኖሯቸው የሟች ባላቸው ወንድም፣ ካርዲናል ስፒናልታ፣ እዚያው ውስጥ ናቸው። እሳቸው ከተመረጡ የወይዘሮዋ ልጅ ኦርቴንሲያ መስፍን ታገባለች። ካልተመረጡ ገዳም ትገባለች፤ ለባል የሚሰጥ ጥሎሽ የለማ! እስኪለይለት ድረስ ልጅቷ ከግቢ እንዳትወጣ ተከልክላለች።

ሠዓሊው ቲቡርዚዮ ግቢው ውስጥ የቤተሰቡን አርማ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ይስላል፦ ሦስት ጃርቶች፣ ከላያቸው የፓፓው አክሊልና ቁልፎች። ምርጫው ሳይታወቅ አክሊል ማስሳል ድፍረት ነው። ወይዘሮ ላቪኒያ ግን ከማን አንሼ ብለዋል።

ስለ አርማ ሲወራ ታዛጋ የነበረችው ኦርቴንሲያ እንኳ አሁን ለማየት ትመላለሳለች።

"ጃርት ደግሞ ምን ማለት ነው?" አለችው።

"አትንኩን ማለት ነው፤ እሾኹ ወደ ውጭ ነዋ። ሆዷ ግን ለስላሳ ነው፤ እሱን የሚስል የለም እንጂ።"

ኦርቴንሲያ ሳቀች።

ወይዘሮ ላቪኒያን ያላማራቸው የቤቱ መጋቢ ባልዳሳሬ ነበር። የብር ሳህኖቹን በጆንያ እያደረገ ምድር ቤት ሲያወርድ ደረሱበት።

"ምን እያረግክ ነው አንተ?"

"እመቤቴ፣ ጌታችን ከተመረጡ ሕዝቡ ቤቱን ይዘርፋል። የሮማን ሰው አያውቁትም? ፓፓ ለሆነ ሰው ዕቃ ምን ያደርግለታል ባይ ነው።"

"ይዝረፋ! ያን ቀን ያምጣልኝ እንጂ! ብሩን የምትደብቀው ለእኔ ነው ለራስህ?"

ባልዳሳሬ ጆንያውን ተሸክሞ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ከእሱ አልነቀሉም።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ሰሌዳው ዋናው በር ላይ ተሰቅሎ ታየ። ማን እንደሰቀለው የጠየቀ የለም። መንገደኛው አክሊሉን ሲያይ "ስፒናልታ ፓፓ ሆኑ!" ብሎ ጮኸ፤ ሠፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ።

ወይዘሮ ላቪኒያ በደስታ የሚሆኑትን አጡ። በሩን ሁሉ በገዛ እጃቸው በረገዱት። "ውሰዱ ልጆቼ! ምንም እንዳታስቀሩ!" አልጋው ወጣ፤ መጋረጃው ወጣ፤ ድስቱ ከነወጡ ወጣ። ኦርቴንሲያ እናቷ አንገት ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች።

"ገዳሙ ቀረልሽ ልጄ!"

"አዎ እማዬ፣ ቀረልኝ።"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ካርዲናሉ ቀይ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ከተፍ አሉ። የተመረጠው ሌላ ሰው ነው።

"አልጋዬስ?" አሉ፣ ባዶውን ቤት እያዩ።

ወይዘሮ ላቪኒያ የባልዳሳሬን አንገትጌ ጨምድደው ያዙ። "አንተ ነህ የሰቀልከው! ብሬን በግርግር ልትበላ!"

"ብሩማ ምድር ቤት ነው እመቤቴ" አለ ባልዳሳሬ። "ከቤቱ የተረፈን እሱ ብቻ ነው።"

ወይዘሮ ላቪኒያ አንገትጌውን ለቀቁ። ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አሉና፣ የገዳሙን ነገር ሊነግሯት ልጃቸውን ተጣሩ።

ኦርቴንሲያ በዚያ ሰዓት ወደ ኔፕልስ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከቲቡርዚዮ ኋላ በቅሎ ተፈናጣ ነበር።