ሜዳውን ሲያጠጡ

ጉንጯ ላይ ያረፈው ጠብታ ልብስ ሰፊዋን ከመቀመጫዋ አስፈነጠራት። በአንድ እጇ አውልቃው የነበረውን ጫማዋን፣ በሌላው የእህቷን ልጅ አፈፍ አደረገች። ብቻዋን አልነበረችም። ከተማዋን ካጥለቀለቀው ጎርፍ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰውን የቴኒስ ውድድር ሊያይ የመጣው ሰው ሁሉ ተነስቶ ወደ ኮረብታው ወደሚያወጣው በር ዞሮ ነበር። እንግዶቹ ተጫዋቾች ራኬታቸውን እንደያዙ አፍጥጠው ቀሩ።

"አክስቴ፣ እስቲ ቀና በይ!" አለች ልጅቷ ክንዷን ለማስለቀቅ እየታገለች። "ሰማዩ እኮ ከዳኛው መላጣ ይበልጥ ጠርቷል! ሜዳውን እያጠጡ ነው።"

እውነትም የሜዳው ሠራተኛ በጨዋታው እረፍት ቀዩን አፈር እያጠጣ ነበር፤ ፍንጣቂውን ያመጣው ነፋሱ ነው። ሰውየው ሕዝቡን ሲያይ ነገሩ ገባውና የውሃ ጎማውን አጥፎ ውሃውን አቆመ። አንድ ሰው ወደ መውጫው ቢራመድ ሁሉም እንደሚከተለው፣ ውድድሩም ዳግም እንደማይመጣ ልብስ ሰፊዋ አላጣችውም። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ጫማዋን ግን ከእጇ አልለቀቀችም።

"ምነው አቆምከው፣ ወንድሜ?" ብላ ጮኸች። "አጠጣው እንጂ፣ አቧራው ፈጀን!"

ከኋላዋ አንዱ ሳቀ። ሰዉም እያጉረመረመ ቁጭ ቁጭ አለ። ውሃው እንደገና ተለቀቀ፤ ቀጣዩ ጠብታ ጉንጯን ሲነካት፣ ጎንበስ ብላ ለማንኛውም ጫማዋን አደረገች።